«ሦስት ጭነት ብቻ» ያለችው አሮጊት ጀልባ

ቀረብ በሉ እስኪ። ዛሬ ድምፄ ብዙ አይወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ስወርድ ውዬ ጉልበቴ ከድቶኛል። ቢሆንም አንድ ተረት አለኝ። «እንስማ» በሉኝ።

እንስማ!

እንግዲህ ስሙ። ድሮ ነው። በሬ ከባለቤቱ ጋር በሚያወራበት፣ ነፋስ ስሙን እየተናገረ በሚመጣበት፣ እንጨትም «ደከመኝ» ማለት በሚችልበት ዘመን። በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር እንየው የሚባል ጀልበኛ ነበረ። ሚስቱ የዝና ትባላለች። መንደራቸው በሦስት ወገን ውሃ፣ በአንድ ወገን ገደል ነው። ገደሉ ባዶ ከብት ያሳልፋል እንጂ የተጫነ አህያ አያሳልፍም። ስለዚህ እህል ቢገባ በእንየው ጀልባ ነው። ማር ቢወጣ በእንየው ጀልባ ነው። ሙሽራም በሽተኛም በእንየው ጀልባ ነው። ሠላሳ ዓመት ሸራ ሲዘረጋ፣ ሠላሳ ዓመት ሸራ ሲጠቀልል መዳፉ እንደ ጠፍር ደርቆ ነበር።

አንድ ዓመት ነቀዝ የመንደሩን ዘር በላው። አንድ ፍሬ አልተረፈም። ሰዉ ያለውን ማር አዋጥቶ በእንየው ጀልባ ማዶ ገበያ ሰደደና በዘር ለወጠ። ዘሩ ማዶ፣ በአንድ ዘመድ ጎተራ ተከማቸ። ነገር ግን እንየው ዘሩን ሊጭን ሲመለስ ጀልባው ከውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ወጣችና ለሁለት ተከፈለች። እሱ ዋኝቶ ወጣ። ጀልባዋ ቀረች።

ወሩ ግንቦት ነው። ዝናቡ ሊመጣ ነው። ዘሩ ማዶ፣ ሰዉ ወዲህ።

እንየው ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። የዝና አየችውና፣

«ሁለት በሬዎች አሉን» አለችው። «ውሰዳቸውና ጀልባ ለውጥባቸው።»

«በምን እናርሳለን?»

«ዘር ከሌለ ምን ልናርስ?»

እንየው በማግስቱ ቦራንና ዳለቻን እየነዳ በገደሉ መንገድ ወጣ። ማዶ በእግር ሦስት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቦራ፣ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብሎ ጠየቀው። እንየው መንዳቱን ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን ቦራ፣ «ልትሸጠን ነው?» አለው። እንየው እርምጃውን አፈጠነ።

በሦስተኛው ቀን ቦራ ቆመ። «እንየው» አለው፣ «ሁለታችንንም አትስጥ። አንዳችን ከቀረ ከጎረቤትህ በሬ ጋር ይቀናጃል። ሁለታችንም ከሄድን ግን ሞፈርህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።»

እንየው የቦራን አንገት ዳበሰና፣ «ቻልኩ ብዬ አልዋሽህም፤ እሞክራለሁ» አለው።

ማዶ ሲደርሱ ከውሃው ዳር የገላው ግቢ አለ። ገላው ጀልባ ሠሪ አናጢ ነው። በግቢው ሁለት ባለሸራ ጀልባዎች ተቀምጠዋል። አንዷን ገላው ራሱ ያን ሰሞን የሠራት ናት። ሁለተኛዋ አሮጊት ናት፤ የአንድ የሞተ ዓሣ አጥማጅ ዘመዶች አምጥተው ያስቀመጧት። ከአጥሩ ላይ ደግሞ እመት ጦጢት ተቀምጣለች። እመት ጦጢት ደላላ ነች። አሮጊቷ ብትሸጥ አንድ ቁና በቆሎ ታገኛለች፤ አዲሷ ብትሸጥ ሁለት ቁና።

«አያ እንየው!» ብላ ከአጥሩ ዘለለች። «እንኳን ደህና መጣህ! ሁለት በሬ ይዘህ ስትመጣ ገና ከሩቅ ሳይህ፣ ይህ ሰው አዲስ ጀልባ የሚገባው ሰው ነው አልኩ። አላልኩም እንዴ፣ ገላው?»

ገላው መጥረቢያውን እየሳለ፣ «አዲሷ በሁለት በሬ፣ አሮጊቷ በአንድ በሬ» አለ።

እንየው ወደ አዲሷ ጀልባ ሄደ። አዲሷ ጀልባ ሸራዋን ነፋ አድርጋ፣ «እኔን ውሰደኝ! እየኝ እስኪ፤ ሸራዬ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ አንድ ጭረት የለብኝም!» አለችው።

«ውሃ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም። ብገባስ ምን አለበት? ውሃ ውሃ ነው።»

«የከሰዓት በኋላውን ነፋስ ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ። እኔን ምን ያደርገኛል?»

«የት የት ታፈሻለሽ?»

አዲሷ ጀልባ ተቆጣች። «እኔ? እኔ ላፍስ? አዲስ ነኝ እኮ! አላፈስም!»

እንየው ሳንቃዋን በመዳፉ ዳበሰ። ቀዝቀዝ ይላል። አሸተተው። የዋንዛ ሽታ ገና አልለቀቀውም።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አለ ገላውን።

«ይደርቃል» አለ ገላው።

«እሱን እኮ ነው የምፈራው። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይከፋፈታል። የት እንደሚከፈት ደግሞ እሷም አታውቅም።»

እመት ጦጢት ይህን ስትሰማ ሁለቱ ቁና በቆሎ እንዳመለጣት ገባት። ቶሎ ብላ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እንግዲያው ይቺን እያት! አሮጌ ናት ሲሉ አትስማ። ምን ጎደላት? አንድ ቀዳዳ ብታገኝባት ጅራቴን ቁረጠው!»

አሮጊቷ ጀልባ ከተኛችበት ሳትነቃነቅ፣ «ሰም ነው የቀባችኝ» አለች። «ሰም ከአመድ ጋር ለውሳ ትናንት ጠዋት ቀባችኝ። ፀሐይ ሲያገኘው ይወርዳል።»

እመት ጦጢት ዘላ አጥሩ ላይ ወጣች።

እንየው ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ውሃ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከውሃ ወጥተሽ ታውቂያለሽ ብትለኝ ይሻል ነበር። አርባ ዓመት።»

«የከሰዓት በኋላውን ነፋስ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። እሱም ያውቀኛል። አሁንማ ተሰለቻችተናል።»

«የት የት ታፈሻለሽ?»

«ከፊት በግራ በኩል ሁለተኛው ሳንቃ። ከኋላ ደግሞ ከመሪው ሥር። እነዚህን በጥጥና በሰም ትደፍናቸዋለህ። ሦስተኛውን ግን አትደፍነውም። ከሆዴ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ወፍራም ግንድ አለ አይደል? እሱ ከውስጡ እየበሰበሰ ነው። ከውጭ ስታየው ደህና ነው፤ እኔ ግን ይሰማኛል። ልጄ፣ አትግዛኝ። ደክሞኛል። ልተኛበት።»

«እኔም ደክሞኛል፣ እናቴ» አላት እንየው። «ሠላሳ ዓመት ነው። ቢቻለኝ እዚሁ ከጎንሽ ብተኛ ደስታዬ ነበር። ግን የሰው ዘር እዚህ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ማዶ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ሁለቱን በሬ ብሰጥ የማርስበት የለኝም። አንዱን ብሰጥ አንቺ አለሽ።»

«ዘሩ ስንት ጭነት ይሆናል?»

«ሦስት።»

አሮጊቷ አሰበች። ስታስብ ሳንቃዎቿ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አሉ። «ሦስት ጭነት እችላለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ጭነት ብቻ። አራተኛ አትጠይቀኝ። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ እንየው።

ቦራን ለገላው አስረከበ። ቦራ አልጮኸም፤ ዳለቻን ብቻ አንዴ ላሰውና ተከትሎ ገባ። ዳለቻን በገደሉ የሚመለሱ የመንደሩ ሰዎች ነዱለት። አሮጊቷን ወደ ውሃው ሲገፏት አዲሷ ጀልባ ተንገበገበች።

«አፈሳለሁ እያለችህ እሷን ትወስዳለህ?»

«እሷ የት እንደምታፈስ ነገረችኝ» አላት እንየው። «አንቺ ገና አላወቅሽም።»

እንየው ሁለቱን ቀዳዳ በጥጥና በሰም ደፈነና የመጀመሪያውን ጭነት ጫነ። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። መሐል ሲደርሱ ጉማሬ ብቅ ብሎ መንገዱን ዘጋ።

«ማነው ይህ በእኔ ውሃ ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አሮጊቷ።

«አንቺ? እስካሁን አለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ አለሁ።»

ጉማሬው ተነፈሰ። «እኔም አለሁ። በሉ እለፉ» ብሎ ጠለቀ። የመጀመሪያው ጭነት ገባ።

በሁለተኛው ጭነት የከሰዓት በኋላው ነፋስ መጣ። ከሩቅ ውሃውን እያጠቆረ፣ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለ መጣ። እንየው ሸራውን ሊያጠብቅ ገመዱን ያዘ።

«ተወው» አለችው አሮጊቷ። «አትታገለው። ግማሹን ሸራ አውርድና ወደፈለገበት ትንሽ ልሂድለት። ሲሰለቸው ይለቀኛል።»

ነፋሱ ወዲያ ወሰዳት፤ ሄደችለት። ወዲህ መለሳት፤ መጣችለት። ከዚያም፣ «አንቺ ደግሞ! ከአንቺ ጋር መጫወት ምን ያስደስታል?» ብሏት ሄደ። ሁለተኛው ጭነት ገባ። ግን እግር የሚያርስ ውሃ ገብቶ ነበር።

በሦስተኛው ጭነት እንየው ጆንያዎቹን ሲደረድር የራሱንና የየዝናን ጆንያ ከሁሉም በላይ አደረገው። ቀዘፈ፣ ሸራ ዘረጋ፣ ግማሽ መንገድ ሄዱ። ከዚያ ውሃ መግባት ጀመረ። ከፊት አይደለም፤ ከኋላም አይደለም። ከሥር ነው። እንየው በቅል እየቀዳ ደፋ። እየቀዳ ደፋ። ክንዱ አልታዘዝ አለው።

«ልጄ፣ አንድ ጆንያ ጣል» አለች አሮጊቷ።

«የሰው ዘር ነው!»

«አንድ ጣል፤ አለዚያ ሁሉንም ትጥላለህ።»

እንየው ከላይ ያለውን የራሱን ጆንያ በሁለት እጁ አነሳ። አመነታ። ከዚያ ወደ ውሃው ለቀቀው። ጀልባዋ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለች። በዚያች አንድ ስንዝር መንደሩ ደረሱ።

ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው። ሰው ሁሉ የየራሱን ጆንያ ለይቶ ወሰደ። እንየው ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። የዝና እጁን አየችና ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ማታ ሳይደርስ ግን ወሬው ተሰማና ከየቤቱ አንድ እፍኝ፣ አንድ እፍኝ ዘር እየተያዘ መጣላቸው። እርሻቸውን ሁሉ አይሞላም፤ ግማሹን ይሞላል። አሮጊቷንም ከውሃ አውጥተው ያኔ ባሕር ዛፍ አልነበረምና ከትልቅ ሾላ ሥር አሳረፏት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

በሳምንቱ ነጋድራስ አሥራደ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ በገደሉ መንገድ መጣ። አንድ የሚያምር የእርሻ በሬ አስነድቷል። እመት ጦጢትም ተከትላው መጥታለች። ነጋድራሱ የመንደሩን አዲስ ማር ሁሉ ሊገዛ ተስማማ። ማሩ በጋን ነው፤ ጋን ይዞ ገደል አይወጣም።

እመት ጦጢት ወደ እንየው ጠጋ አለች። «አያ እንየው፣ እድልህ በራ! ነጋድራስ ማሩን አንድ ጊዜ ብታሻግርለት ይህን በሬ ይሰጥሃል። አንድ ጊዜ ብቻ! ከዳለቻ ጋር ጥምዱ ሞላ ማለት ነው።»

«ጀልባዋ ጨርሳለች» አለ እንየው።

«ጨርሳለች? ሦስት ጭነት ዘር ያመጣች ጀልባ? አርጅታ ሰነፈች በለኝ። እያት እስኪ፣ ምን ሆነች?»

እውነትም ምንም የሆነች አትመስልም። ፀሐይ አድርቋት ሳንቃዋ ያብረቀርቃል። ወደ ገበያ ለመሻገር የፈለጉ የመንደሩ ሰዎችም ተሰበሰቡ። አሥራ አንድ ነበሩ። «አያ እንየው፣ አንድ ጊዜ ምን አላት?» አሉት። የዝና እንኳ በሬውን አይታ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ?» አለችው ቀስ ብላ።

እንየው ወደ ሾላው ሥር ሄደ። አሮጊቷ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣

«እናቴ፣ አንድ ጭነት ብቻ?» አላት።

አሮጊቷም፣ «ስንት ነበር ያልነው?» አለችው።

«ሦስት።»

«ስንት ተጫንኩ?»

«ሦስት።»

«እንግዲህ» አለች።

እንየው ተመለሰና ለነጋድራሱ፣ «ጌታዬ፣ አልችልም» አለው። ነጋድራሱ ትከሻውን ነቀነቀና ማሩን ትቶ፣ በሬውን አስነድቶ በመጣበት ተመለሰ። በሬው ገደሉን እስኪያልፍ ድረስ እንየው ዓይኑን ከላዩ አልነቀለም። እመት ጦጢት ሆዷን ይዛ ሳቀች። የመንደሩ ሰዎች አልሳቁም፤ ተቆጡ። «እንጨት አዘዘው!» አሉ። «በእንጨት ቃል በሬ ጣለ!» ያን ሰሞን ከእንየው ጋር ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጥ ጠፋ። እሱም በሆዱ ይጠራጠር ነበር። ዳለቻን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲያርስ፣ እርፉን እንደያዘ ይቆምና፣ «ምናልባት ትችል ነበር እኮ» ይላል። ከዚያ ያርሳል። እንደገና ይቆምና፣ «ምናልባት ትችል ነበር» ይላል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሊጥል ደመናው ተጫነ። አሮጊቷ ውስጥ ውሃ እንዳይሞላ ሊገለብጧት እንየው አራት ጎረቤቶቹን ለመነ። እያጉረመረሙ መጡ። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ እንየው ከመሐል ያዘና፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው አነሷት።

ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ከሥሯ ያለው ወፍራም ግንድ ውሃ እንደነካው ዳቦ እንየው እጅ ላይ ፈረሰ። ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። የፊቱ በሁለቱ፣ የኋላው በሁለቱ እጅ ቀረ፤ መሐሉ መሬት ላይ ነው።

ከአራቱ አንዱ፣ ከሁሉ ይበልጥ ተቆጥቶ የነበረው፣ በእጁ የቀረውን ሳንቃ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ ልጄን ይዤ ልሳፈር ነበር» አለ።

«እናቴ?» አለ እንየው።

ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ነካ።

«እናቴ?»

አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ ተናግራ አታውቅም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እንየው ግን ከስብርባሪው አጠገብ ተቀምጦ ቀረ። የዝና ፈልጋው መጣች።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ዝናቡ እስኪጥል ድረስ እዚያው ነበሩ።

ክረምቱ አለፈ፤ አዝመራው ተሰበሰበ። መንደሩ ያለ ጀልባ ስለማይሆን እንየው ዳለቻን እየነዳ ወደ ገላው ግቢ ሄደ። አዲሷ ጀልባ አልተሸጠችም፤ እዚያው ነበረች። ነጩ ሸራዋ ወይቦ፣ ሳንቃዎቿ ደርቀው፣ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል። ገላው ዋጋዋን ወደ አንድ በሬ አውርዶታል።

እንየው ገና አፉን ሳይከፍት፣ «በቀኝ በኩል ሦስተኛው ሳንቃ ላይ አፈሳለሁ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከኋላም ከመሪው በላይ። ሌላ ቦታም ይኖራል፤ ውሃ ሳልገባ አላውቀውም።»

እንየው ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አሁን አብረን መሄድ እንችላለን» አላትና ጥጥና ሰም እንዲያመጣለት ገላውን ጠየቀ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እንየው ሁለት በሬ ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ሰጠ። አንድም ሰው ግን ውሃ አልበላበትም። እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህን ነው፦ አዲስም ግዙ አሮጌ፣ ጉድለቱን ከሚነግራችሁ ግዙ። «በቃኝ» ያላችሁንም ከውጭ ደህና ስለመሰላችሁ ብላችሁ አትጎትቱት።

የእኔ ነገር አለቀ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ አንዳችሁ አንድ ዋንጫ ውሃ አቀብሉኝና ወደየቤታችሁ።